በውርጭ ሌሊት የሚደፈን ጉድጓድ

ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ከሰዓት በኋላ የሴፕቲክ ታንክ ክዳን በስሚንቶ መደፈን የለበትም። ግንበኛ ነኝ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ሙያ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ ግን እምቢ እላለሁ፤ የሙያ ጓደኞቼም እምቢ እንዲሉ እለምናለሁ።

ነገሩ ሁልጊዜ የሚመጣው በአንድ መንገድ ነው። ጉድጓዱ ይሞላል፣ መጣጭ መኪና ይጠራል። ጠዋት ይመጣል የተባለው መኪና ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ክዳኑ ባለፈው ጊዜ ዙሪያውን በስሚንቶ ስለተደፈነ በደህና የሚነሳበት መንገድ የለም፤ በድጅኖና በመዶሻ ይፈነቀላል፣ ጠርዙም ይሸረፋል። ተመጦ ሲያልቅ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል፣ አከራዩም ተከራዩም «ቶሎ ድፈንልን» ይላሉ። ግንበኛው እጅ በሚያደነዝዝ ውሃ ጥቂት ስሚንቶና አሸዋ ያቦካል፣ ዙሪያውን ይለስናል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ከዚያ ሌሊቱ ይመጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ፣ የአየሩ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል ተብሎ ሲጠበቅ ለኮንክሪት ሥራ የተለየ ጥንቃቄ እንዲደረግ ይላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሌሊት ብርቅ አይደለም፤ መሃል ሜዳም ደባርቅም ያሉ ሰዎች ያውቁታል።

ብዙ ሰው ስሚንቶ የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል። ስሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ውሕደቱ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ትልቅ ሶሌታ ሲሞላ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ በደንብ ከተሸፈነ ሌሊቱን ሊያልፈው ይችላል። ሁለት ጣት የማይሞላ ልስን ግን ሙቀቱን የሚይዝበት ገላ የለውም። ያረፈበት የክዳን ጠርዝም ቀዝቃዛ ስለሆነ ያለችውን ትንሽ ሙቀት ይወስድበታል። በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ገና ያልተያያዙትን ስሚንቶና አሸዋ ገፍቶ ያለያያቸዋል። ጠዋት ሲያዩት ነጣ ብሎ የጠነከረ ይመስላል። 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ካገኘችው በኋላ በጥፍር ቢጭሩት ግን አሸዋው ይረግፋል። እንዲህ የሆነ ልስን በኋላ ቢሞቅም የታሰበለትን ጥንካሬ አያገኝም።

የልስኑ ስንጥቅ በጋውን ሽታ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጎርፍ ውሃ ያስገባል። ታንኩ ያለ ጊዜው ይሞላል፣ ተከራዮች እንደገና ገንዘብ አዋጥተው መኪና ይጠራሉ፣ ክዳኑም እንደገና በመዶሻ ይመታል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው መዶሻ ነው፤ የሚመታው ክዳን ከሥሩ ተበልቶ ሊሆን ይችላልና። ከታንኩ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የክዳኑ ሆድ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ስሚንቶውን ከሥር ይበላዋል። አንድ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ፣ ልጆች ገመድ የሚዘሉበትን ክዳን ገልብጠን አየነው። ሆዱን በምስማር ስጭረው እንደ አይብ ለቀቀ፤ ፌሮው ወጥቶ ዝጎ ነበር። የቤቱ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው፤ «ልጄ፣ ላዩ እኮ ደህና ነው» አሉኝ። «እማማ፣ የሚያልቀው ከሥሩ ነው» ብዬ ጎንበስ አድርጌ አሳየኋቸው። ክዳኑ እንዲለወጥ ያዘዙት ያኔውኑ ነው። በስሚንቶ የተደፈነ ክዳን ግን ማንም ገልብጦ አያየውም፤ ሲያዩትም በመዶሻ ሰንጥቀውት ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ክዳኑ የሚነሳና የሚመለስ ይሁን፣ ማሸጊያውም ላስቲክ ይሁን። የጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ደልዳላ የአርማታ መቀመጫ ይሠራ፤ ክዳኑ ሲሞላ ሁለት የፌሮ እጀታ ይቀበርበት። በመቀመጫውና በክዳኑ መካከል ካላማዳሪ የምንለው የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ይነጠፍ። አብዛኛው ካላማዳሪ የሚሠራው ከቡታይል ነው፤ ውጭ አገር ለዚሁ ሥራ የሚሸጠው ማሸጊያም ከዚሁ ዘር ነው። አየር አያሳልፍም፣ በብርድም አይሰነጠቅም። የላስቲኩ ዳር በሬንጅ ሊያያዝ ይችላል። ሬንጅ ግን ውርጭና አቧራ ያለበት ላይ አይጣበቅም፤ ስለዚህ መቀመጫው በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፣ ፀሐይ እስክታደርቀው ይጠበቅ፣ ላስቲኩም ቤት ውስጥ ሲሞቅ ይደር። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃል።

«ላስቲክ ከሆነ ልጆች ይከፍቱታል» የሚሉኝ አሉ። ስጋቱ ትክክል ነው። ግን 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክዳን 70 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሕፃን አያነሳውም። ከዚያም በላይ የፈለገ አራት ቡሎን ያስገባበት።

የግድ በስሚንቶ መሥራት ካለበት፣ ጠዋት ይጀመር፣ ውሃው ለብ ይበል፣ ሲያልቅ በላስቲክ ተሸፍኖ ጭድና ጆንያ ይደረብበት፤ ለጥቂት ሌሊትም አይገለጥ። ቶሎ እንዲጠነክር ብሎ ጨው መጨመር ፌሮውን ያዝገዋል። ከሰል አቀጣጥሎ አጠገቡ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ሜቴን የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። ወደ ታንኩም ማንም አይግባ፣ ጭንቅላቱንም አያስገባ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰው ሽታው የጠፋ ሲመስለው ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮት ይቀራል። ክዳኑ በደንብ በታሸገ ቁጥር ጋዙ የሚወጣበት ቱቦ ከጣሪያ በላይ መውጣት አለበት፤ አለዚያ መንገዱን በቤት ውስጥ ያደርጋል።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ መሐንዲሶች ፕላኑ ላይ የታንኩን ስፋት ይመለከታሉ። የክዳኑን መቀመጫ፣ እጀታውንና የአየር ማስወጫውን ቱቦም አብረው ይጠይቁ። ባለ መኪናዎችም ከጥቅምት እስከ ጥር ለመኖሪያ ግቢዎች የጠዋቱን ሰዓት ይስጡ፤ ድርጅቶች ሠራተኛም ጥበቃም ስላላቸው ከሰዓት በኋላ ቢደረግላቸው ይችላሉ።