ለፎረፎሩ ሒጃብን አንውቀስ

ከእንጦጦ ግርጌ ባለችው ጉለሌያችን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲበረታ ፎረፎርም ይበረታል። አንዳንድ እህቶች ጥፋቱን በሒጃብ ያላክካሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ዋናው መንስኤ ማላሴዚያ የተባለ፣ በሁላችንም የራስ ቆዳ ላይ የሚኖርና ቅባት የሚመገብ ፈንገስ ነው። ደረቅ ብርድና በጣም የሞቀ ውሃ ደግሞ ቆዳውን አድርቀው ያባብሱታል። ቅቤና ዘይት መቀባት ለጊዜው ቢያለሰልስም ፈንገሱን ይቀልባል። እርጥብ ፀጉርን ሸፍኖ መዋልም ይመቸዋል።

ስለዚህ ከትጥበት በኋላ ፀጉርን አድርቀን እንከናነብ፤ ሒጃባችንንም ቶሎ ቶሎ እንጠብ። ኬቶኮናዞል ያለበትን ሻምፖ በሳምንት 2 ጊዜ ተቀብቶ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ይረዳል። በ4 ሳምንት ካልተሻለ ሐኪም ማማከር ይገባል። መታረም ያለበት አያያዛችን እንጂ ሒጃባችን አይደለም። አላህ ጤናውን ይስጠን!