ለመዳፍ ወይስ ለቃታ?

የባለ መቀርቀሪያ የአደን ሽጉጥ እጀታ ከመሃል ይሁን ይሉናል፤ ሚዛኑ ለመዳፍ ይመቻልና። መመቸቱን ማን ካደ? የአሜሪካው ሬሚንግተን በ1963 እ.ኤ.አ. ኤክስፒ-100ን ከናይለን እጀታው ጋር ሲያወጣ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዕዳውን የከፈለው ግን ቃታው ነው። ጣት የሚስበው ከፊት፣ መምቻው ከኋላ ስለሆነ ሁለቱን የሚያገናኝ ዘንግ በመካከል ገባ፤ የቃታው ጥራትም እዚያው ደበዘዘ። እጀታው ወደ ኋላ ሲሄድ ዘንጉ ይቀራል፣ ቃታውም ይጠራል። አፈሙዙ ይከብዳል፤ ቆሞ የሚተኩስን ክንድ ያዝላል። ይዛላ! በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ቆሞ ይተኩስ ዘንድ ማን ፈቀደለት? በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ለሚተኩስ ሰው ያ የተመሰገነ ሚዛን ምን ይፈይዳል? ቃታው እየተጎተተ አፈሙዙ ፀጉር ታህል ሲዛነፍ፣ ልቧን የሳተው ጥይት ሆዷን ያገኛታል፤ አጋዘኗም ስትደማ ታድራለች። አዳኙ መዳፉ ተመችቶታል።