ውሃ አቀባዩን ማን ያመስግነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ እርሻና ስለ ድግስ ቢሆንም እኔ ዛሬ የማነሣው ስለ ሩጫ ነው። ስለ ሯጮቹ ግን አይደለም። ስለ እነርሱ ብዙ ተብሏል፤ ወደ ፊትም ይባላል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም፥ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ያገኘውን ድል ያልሰማ ተማሪ በአገራችን አይገኝም። ላነሣ የፈለግሁት በመንገድ ዳር ቆሞ ውሃ ስለሚያቀብለው፥ መታጠፊያውን ስለሚያመለክተው፥ የሯጩን ልብስ ስለሚጠብቀውና የወደቀውን ስለሚያነሣው በጎ ፈቃደኛ ነው።

ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጠንሳሽነት «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» በአዲስ አበባ ሲጀመር ለ10,000 ተወዳዳሪዎች የተሰናዳ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ከዚያ በብዙ እጥፍ በልጧል። ሩጫ የጥቂት ስመ ጥሮች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የተማሪው፥ የጸሓፊው፥ የነጋዴውና የእናቶች ጭምር ሆኗል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ሯጩ በበዛ መጠን የሚያገለግለውም ሊበዛ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን በተደረገ አንድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ከተካፈሉት አንዱ ነበርሁ። ሰባተኛውን ኪሎ ሜትር እንዳለፍሁ ጉሮሮዬ ደርቆ፥ ጉልበቴ ዝሎ ሳለ፥ ዕድሜዋ ከአሥራ ሰባት የማይበልጥ ተማሪ እጇን ዘርግታ አንድ ኩባያ ውሃ ሰጠችኝ። ፊቷን እንኳ ሳላይ ነጥቄ ጠጣሁና ኩባያውን ወረወርሁት፤ እግሯ ሥር ወደቀ። ሩጫው ካበቃ በኋላ ሜዳሊያዬን በአንገቴ አጥልቄ በዚያው መንገድ ስመለስ ልጅቱን እንደ ገና አገኘኋት። ጎንበስ ብላ እኛ የጣልነውን ኩባያ እየለቀመች በጆንያ ትከታለች። «እኅቴ፥ ቁርስ በልተሻል ወይ?» ብዬ ብጠይቃት፥ «ጋሼ፥ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነን» አለችኝ እንጂ በልቻለሁ አላለችኝም። በዚያች ሰዓት ሜዳሊያው ከበደኝ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሥራ እንደ ቀላል ነገር ይቆጥረዋል። ቀላል ግን አይደለም። ውሃ የሚያቀብል ሰው ኩባያውን ጢም አድርጎ አይሞላውም፤ ቢሞላው በሯጩ ላይ ይደፋል። ጠረጴዛዎቹን አራርቆ ያቆማል፤ ባያራርቃቸው ሯጮች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በመታጠፊያ ላይ የቆመው ለአንድ ደቂቃ ቢዘናጋ የፊተኛው ይሳሳታል፤ የኋላውም ሁሉ ተከትሎት ይሳሳታል። እግሩ የሚንገዳገደውን፥ ምላሱ የሚተሳሰረውን ሯጭ ለይቶ ሐኪም የሚጠራውም እርሱ ነው። ይህም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አሸናፊው ገብቶ፥ ተመልካቹም ሲበተን፥ የመጨረሻውን ሯጭ ቆሞ የሚጠብቀው ይኸው ሰው ነው።

«በፈቃዱ የመጣ ነው፤ ምን ይደረግለት?» የሚሉ አሉ። እኔ ገንዘብ ይከፈለው አላልሁም፤ ገንዘብ ከተከፈለው በጎ ፈቃደኛ መባሉ ይቀራል። ነገር ግን አባቶቻችን በነጻ የተሰጠ ጉልበት እንዴት እንደሚከበር ያውቁ ነበር። ደቦ የጠራ ገበሬ ለመጡለት ሰዎች እንጀራውንና ጠላውን ሳያሰናዳ አይውልም፤ ቢጎድልበትም ያፍራል። ወንፈል የገባ እንደ ሆነም ዛሬ የታረሰለት ነገ ሄዶ ለጎረቤቱ ያርሳል። ብድሩን ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ክረምት በሬውን ጠምዶ የሚመጣለት አያገኝም።

በሌላው አገር ያለውንም እንመልከት። በደቡብ አፍሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 በ34 ሯጮች የተጀመረው የኮምሬድስ ሩጫ፥ ዛሬ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች 90 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጡበት ሆኗል። ለመጨረሻው ሯጭ 12 ሰዓት ተፈቅዶለታልና፥ ሩጫው ጎሕ ሳይቀድ ተጀምሮ ሲመሽ ያበቃል፤ በመንገዱ ዳር የሚያገለግሉትም እንደዚሁ ይውላሉ። በአሜሪካ ደግሞ አንዳንድ የ100 ማይል የተራራ ሩጫዎች፥ ሊሮጥ የሚፈልገው ሰው አስቀድሞ ጥቂት ሰዓት መንገድ በመጠገን ወይም ሌሎችን በመርዳት እንዲያገለግል ያስገድዱታል። ይህ የእኛው ወንፈል አይደለምን?

ስለዚህ ሩጫ አዘጋጆች ለበጎ ፈቃደኛው ቁርስና ማጓጓዣ ያሰናዱለት፤ ሥራውንም አስቀድመው ያስተምሩት፤ ዋንጫ በሚሰጥበት ሰዓት እርሱም በመድረክ ፊት ይመስገን። ሯጩም ውሃውን ሲቀበል «እግዜር ይስጥልኝ» ይበል። ትንፋሽ ቢያጥረው እንኳ አንገቱን ዝቅ ማድረግ አያቅተውም። ኩባያውንም በሰው እግር ሥር ሳይሆን በተዘጋጀለት ቦታ ይጣል።

አንተም ተማሪ፥ አንቺም በመሥሪያ ቤት ሥራ የጀመርሽ ወጣት፥ ሁለት ዓመት ከሮጣችሁ በሦስተኛው ዓመት ቆማችሁ ውሃ አቀብሉ። በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሕዝብን ማገልገል የሚያስብ ሰው፥ ስሙን ለማያውቀው ሯጭ ጎንበስ ብሎ ውሃ ከመስጠት የተሻለ ትምህርት ቤት አያገኝም። እኔም ያለብኝ ብድር አልተከፈለም፤ በሚመጣው ኅዳር ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጆንያዬን ይዤ በመንገድ ዳር እቆማለሁ።