ዋቱ ለገዢው፣ ቤዙ ለጎረቤት



ሙዚቃ መስማት አንድ ነገር ነው፤ የሙዚቃ ዕቃ መውደድ ግን ሌላ አመል ነው። ሸክላው በካሴት፣ ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲውም በስልክ ተተካ እንጂ የዚህ አመል ባለቤቶች ጠባይ አልተለወጠም። እንግዳ ጠርተው «ስማ! ይቺን ክራር ስማት!» እያሉ ክራሩን በወሬ ይሸፍኑታል። «ከዚህ በኋላ ሌላ አልገዛም» ብለው ይምላሉ፤ መሐላው የሚጸናው መርካቶ አዲስ ሳጥን እስኪታይ ነው። ዋጋውም ሁለት ነው፤ አንዱ ለሻጩ የተከፈለው፣ ሌላው ለቤት እመቤት የተነገረው። እሷም በበኩሏ አምፕሊፋየሩን ዳንቴል አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ ታኖርበታለች። ዕቃው በሙቀት ይታፈናል፤ ውሃ የፈሰሰበት ዕለት ደግሞ ጠቡ ሌላ ነው።

ስለ ዋት አንድ ነገር ልበል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» ተጽፎ አጠገቡ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል ካለ፣ ቁጥሩ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደለም። ዕቃውን ዞር አድርጎ ከኋላው የተለጠፈውን ማንበብ ነው። ከመብራት የሚወስደው 30 ዋት ከሆነ 1000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ዕቃ እንደ ሰው አይበደርም! ደግሞስ ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ማደግ በጆሮ ሲመዘን 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። በዚያ ገንዘብ ወፍራም መጋረጃና ስጋጃ ቢገዛበት ይሻላል ባይ ነኝ። ባዶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል የሚያንጫጫው ክፍል ረጋ ይላል፤ የዘፋኙም ቃል ይለያል፤ የቤት እመቤትም ፊት ይፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳ በአብዛኛው ያስቀረዋል፤ ቤዙን ግን አይችለውም። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ቤዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይበልጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ሙሉውን ዘፈን ሲሰማ፣ ለጎረቤት የሚደርሰው ዜማም ግጥምም የሌለው «ዱብ ዱብ» ብቻ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ቢሆን ማሕሙድ አሕመድ፣ ከግድግዳው ወዲያ ላለው ሰው ያው ነው። «ጥሩ ዘፈን ነው የከፈትኩት፣ ምን ያማርራቸዋል?» የሚባለው ክርክር የማያስኬደው ለዚህ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አራስ አለች፤ ለፈተና የሚያጠና ልጅ አለ፤ ሌሊት ጥበቃ አድሮ ቀን የሚተኛ አባወራ አለ። ሰው ጎረቤቱን አክብሮ ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፤ አንድ ቀን ግድግዳው ከተደበደበ በኋላ ግን ቡና መጠራራቱ ይቀራል። ሰላምታውም ይከተላል።

መድኃኒቱ ኮሚቴ አያስጠራም። ሳጥኑን ከጋራ ግድግዳና ከማዕዘን ማራቅ ነው፤ ማዕዘን ቤዝ ያሳብጣል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ማድረግ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ የቤዙን ቁልፍ ዝቅ። ዘፈኑ አይሞትም፣ ግድ የለም።

እግረ መንገዴን፣ ቤት ስታጸዱ ካሴት አትጣሉ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ካወጣው ወዲህ በካሴት ዘፈን ብቻ አልተቀዳም፤ የሠርግ ዕልልታ፣ ከውጭ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ምርቃት አለበት። ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ፤ ማንም በስሕተት አይቀዳበትም። ክሩ ከላላ በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ ጠቅልሉት። በተለይ ባለ 120 ደቂቃው ክሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሳባል።

የሚሠራ ቴፕ ያላችሁ ጎረቤቶች እባካችሁ በራችሁን ከፈት አድርጉ፤ ወደ ስልክ ገልብጡላቸው። በስንቱ ቤት የእናት ድምፅ ካርቶን ውስጥ አለ፤ ማጫወቻው ግን የለም።

ከአንድ ነዋሪ