ፔንግዊን ልናይ ወጥተን

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ምግብ፣ ስለ ልብሳቸውና ስለ ትምህርታቸው መጻፍ የተለመደ ነው። ለልጅ ስለሚሰጥ ተስፋ ግን የምንጽፈው ጥቂት ነው። እኔም ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት በዚሁ ነገር ራሴ ስለ ተሳሳትሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። ቤታችን በመቀሌ ከተማ፣ በዓዲ ሓቂ፣ ከገበያው ብዙ ሳይርቅ ነው። በሰኔ ወር አንድ ቀን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ለልጄ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ገዛሁለት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሽፋኑም የተላጠ ነበረ። ከሥዕሎቹ አንዱ ሁለት ልጆች የሱፍ ካፖርት ለብሰው፣ የአባታቸውን እጅ ይዘው፣ በበረዶ ላይ በሰልፍ የሚሄዱትን ፔንግዊኖች ሲመለከቱ ያሳያል። ከሥዕሉ በታች ያለውንም ቃል «በክረምት ወደ አራዊት ማቆያ» ብዬ ተረጐምሁለት።

ልጄ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበረ። ወደ መስኮቱ ተመለከተና «አቦይ፣ ክረምት እኮ መጣ» አለኝ። በውጭ ዝናብ ይዘንብ ነበርና እውነቱን ነው። እኔም ሐሳቤ በሌላ ጉዳይ ተይዞ ሳለ፣ «ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ የአራዊት ማቆያውንም አሳይሃለሁ» አልሁት። ስለ ፔንግዊን አንዲት ቃል አልተናገርሁም። ልጁ ግን የሰማው ያልተናገርሁትን ነው። ይህን እንደ ሰማ ከፊቱ እያነበብሁ ዝም አልሁ። ጥፋቴም ከዚያች ዝምታ ይጀምራል።

ሐምሌን በሙሉ መጽሐፉ ከትራሱ ሥር አልጠፋም። ታላቅ እኅቱ በነሐሴ 16 ለአሸንዳ በዓዲ ሓቂ ከባልንጀሮቿ ጋር መገኘት ስላለባት፣ ከበዓሉ በፊት እንድንመለስ አስማለችኝ፤ ስለዚህ በነሐሴ መጀመሪያ በአውቶቡስ ተሣፍረን ወጣን። ለልጁ ጾመ ፍልሰታን የጀመረበት የመጀመሪያ ዓመቱ ነበረ። በመንገድም ሰዓት እየጠየቀ ጾሙን እንደ ትልቅ ሰው ይጠብቅ ነበር።

በአዲስ አበባ ያረፍነው ከእናታቸው ወንድም ቤት ነው። በማግሥቱም ሁላችን አብረን በስድስት ኪሎ ወደ ነበረው የአንበሳ ግቢ ሄድን። ያን ግቢ ያቋቋሙት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ዘመኑም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር 1948 ነበር። የመጀመሪያዎቹም አንበሶች አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ በጠቅላላው ሰባት፣ ከአገራችን ደቡብ ምዕራብ እንደ መጡ ይነገራል። የወንዶቹ ጎፈር ጠቆር ያለ ሆኖ ከአንገት አልፎ እስከ ደረትና እስከ ሆድ ይወርዳል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2012 የወጣ አንድ ጥናት የ15ቱን ዘር መርምሮ፣ በጥናቱ ውስጥ ከተመሳከሩት ከሌሎች የአንበሳ ወገኖች ሁሉ የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። እነዚህን አንበሶች ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ነበረ። እኔም በመንገድ ሳለን ይህን ሁሉ ለልጆቹ አስረድቼ ነበር፤ ሴቲቱ በጥሞና ሰማችኝ።

ልጁ ግን አንበሶቹን አንድ ጊዜ አይቶ አለፈ። ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው እየሄደ፣ ጦጣዎቹንም እንደ ነገሩ ተመልክቶ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ወደ እኛ መጥቶ «ፔንግዊኑስ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ አፌን ሳልከፍት አጎቱ ቀደመኝ። «ፔንግዊኑ ውኃ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይወጣል» አለው። ይህንንም የተናገረው ልጁን ለማጽናናት በፍቅር ነው፤ እኛ ትልልቆች ለልጆች የምንነግረው ውሸት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ነገሩን ለጊዜው ያሳልፍልናል። ልጁም አመነ። ከመንገዱ ዳር ዝናቡ ያቆረው ውኃ ነበረ፤ ስፋቱ ከአንድ ገበቴ አይበልጥም። ከዚያ አጠገብ ሄዶ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቁጢጥ አለ። አንበሳው በኋላው ሲያገሣ እንኳ ዘወር አላለም።

ምን ያህል ጊዜ እንደ ቈየ አላስታውስም። እኔ ግን ያን ትንሽ ጀርባ እያየሁ ከቆምሁባቸው ደቂቃዎች የሚረዝሙ ደቂቃዎች በሕይወቴ ብዙ አላየሁም። በመጨረሻ እኅቱ ወደ እኔ ቀረብ ብላ በቀስታ «በዚህ ግቢ ፔንግዊን የለም አይደል?» አለችኝ። እርስዋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበረ። «የለም» አልኋት። «እንኪያስ ለምን አይነገረውም?» አለችኝ፤ ለዚህ የምመልስላት አጣሁ።

ሄጄ በልጁ አጠገብ ቁጢጥ አልሁና፣ በዚህ ግቢ ፔንግዊን እንደሌለ፣ ይህንም ከዓዲ ሓቂ ስንነሣ ጀምሮ አውቅ እንደ ነበረ ነገርሁት። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አጎቴም ያውቅ ነበር?» አለኝ። አዎን አልሁት። ወደ ቤት እስክንደርስ እጄን አልያዘኝም።

በዚያ ማታ ባለቤቴ በስልክ ነገሩን ሰምታ፣ «እንግዲህ እውነቱን ከጀመርህለት ጨርስለት» አለችኝ። ምክርዋ ትክክል ነበረ፤ «የለም» ብሎ መተው ግማሽ እውነት ነውና። ስለ ፔንግዊን የማውቀው ከዚያ መጽሐፍ ብዙ ስለማይበልጥ፣ ልጆቹ ሲተኙ ተቀምጬ እስከ እኩለ ሌሊት ሳነብ አመሸሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር አሳፈረኝ። የመጽሐፉ ሥዕል የሚያሳየው የሰሜኑን አገር ብርድ ስለ ሆነ፣ የእነርሱ ክረምት የኛ ታኅሣሥና ጥር፣ ማለትም በጋችን ነው፤ ስለዚህ «ክረምት» ብዬ መተርጐሜ ልጁን አሳስቶታል ብዬ አዘንሁ። ቀጥዬ ሳነብ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፔንግዊን የደቡብ ወፍ ነው። ከአሥራ ስምንት ያህል ወገኖቹ፣ በምድር ወገብ ላይ ባሉት በጋላፓጎስ ደሴቶች ከሚኖረው ከአንዱ በቀር፣ ሁሉም የሚኖሩት ከምድር ወገብ በታች ነው። በደቡብ ዋልታ ደግሞ ክረምቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። እንግዲህ የፔንግዊን አገር ክረምትና የኛ ክረምት አንድ ወራት ኖሯል። የተሳሳትሁት በትርጕሙ መስሎኝ ነበር፤ በዚያስ ልጁ ትክክል ነበረ።

በማግሥቱ ጥዋት አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን ነገርሁት። ይህ ከፔንግዊኖች ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ግድግዳው ላይ ልጁን አቁሜ ለክቼ፣ ከእርሱ ቁመት ብዙ እንደማያንስ አሳየሁት። ሴቲቱ በግንቦትና በሰኔ አንዲት እንቍላል ብቻ ትጥልና ለወንዱ አስረክባ ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር ትሄዳለች። ወንዱ ጎጆ የለውም፤ እንቍላሉን በእግሮቹ ላይ አስቀምጦ በሆዱ ቆዳ እጥፋት ሸፍኖ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስበት ጨለማ ሁለት ወር ያህል ይቆማል። ነፋሱ ሲበረታ ወንዶቹ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ በዳር ያለው ወደ መካከል፣ በመካከል ያለውም ወደ ዳር በተራ ይዘዋወራል። እንቍላሉ ሳይጣል አስቀድሞ የጀመረውን ጨምሮ፣ አባትየው ከመቶ ቀን በላይ እህል አይቀምስም። ጫጩቱ የሚፈለፈለውም ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲገባ አካባቢ ነው።

ልጁ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «በዘጠኝ ሰዓትም ምንም አይቀምስም?» አለኝ።

«ምንም አይቀምስም» አልሁት።

«አሁን እየጾመ ነው ማለት ነው?»

«አሁን ጫጩቱ ተፈልፍሎ ሳይሆን አይቀርም። እናቲቱ ገና ካልመጣች አባትየው ከጕሮሮው የሚያፈልቀውን ወተት መሰል ነገር ጥቂት ይሰጠዋል።»

አጎቱም ይህን ሁሉ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገብቶ በልጁ ፊት ተቀመጠና «ትናንት ዋሽቼሃለሁ» አለው። ልጁ ወዲያው መልስ አልሰጠውም፤ ቈይቶ ግን እርሱንም ስለ ፔንግዊኑ አባት ይነግረው ጀመር፤ እኔ ያልነገርሁትንም ጨመረበት።

በመጽሐፉ የተሣለውም ነገር በእውነት እንዳለ አሳየሁት። በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ የአራዊት ማቆያ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ንጉሥ የሚባሉት ፔንግዊኖች ገብተው በ1919 ጫጩት ተፈልፍሏል። በ1951 አንድ ጠባቂ በር ሳይዘጋ ቢቀር ወፎቹ ተከትለውት ወጡና ተመልካቹ እጅግ ስለ ተደሰተ፣ በሰልፍ መውጣታቸው ልማድ ሆነ ይባላል። በጃፓን በአሳሂካዋ ከተማ ደግሞ ፔንግዊኖቹ በብርድ ወራት መንቀሳቀስ ስለሚያንሳቸው፣ በበረዶ ላይ እንዲመላለሱ ይደረጋል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያዩአቸዋል።

እኅቱን ከሁሉ ያስደነቃት ግን የአፍሪካ ፔንግዊን ነው። በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ በረዶ በሌለበት በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚኖር፣ ቁመቱ 60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወፍ ነው። ሰዎች ለብዙ ዘመን እንቍላሉን ለቀሙበት፤ ኋላም የሚበላው ዓሣ እየጠፋ ሄደ። ከዚያ ጉዞአችን ወዲህ ነገሩ ብሷል፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ጥንዶቹ ከ10,000 በታች መሆናቸው ስለ ታወቀ፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ያችው ልጄ ዛሬ ትልቅ ሆና ይህን ወሬ ያነበበችልኝ እርስዋ ናት።

በመመለሻችን አውቶቡሱ አላማጣንና ኮረምን አልፎ ከሐሸንጌ ሐይቅ ዳር ደረሰ። ሐሸንጌ የሚለው ስም ለአያቶቻችን ከማይጨው ጦርነት በኋላ በ1928 ዓ.ም. በሠራዊታችን ላይ የዘነበውን መርዝ የሚያስታውስ ነው፤ ለልጁ ግን በጭጋግ መካከል የታየ ውኃ ነበረ፤ በውኃውም ላይ ወፎች ነበሩ። ፊቱን ከመስተዋቱ ላይ አላነሣም። በጥር ወር፣ የሰሜኑ ሐይቅ በረዶ ሲሆን፣ ከዚያ አገር የሚሸሹ ብዙ ወፎች ወደዚህ እንደሚመጡ ነገርሁት። «በጥር እንመጣለን?» አለኝ።

ወዲያው አልመለስሁለትም። የመንገዱን ወጪ፣ የሥራዬን ቀንና የትምህርቱን ጊዜ በልቤ ከቈጠርሁ በኋላ «ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ እንመጣለን» አልሁት።

በ2010 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ ከዓዲ ሓቂ ተነሥተን፣ አላጀን ተሻግረን ማይጨውን አልፈን፣ ፀሐይ ሳይከር ከሐይቁ ዳር ቆምን። ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር፤ ሁለቱም ጋቢ ተከናንበዋል። ምንቃራቸው እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬዎች ውኃውን እያጣሩ ይመገባሉ። ከእነርሱም ወዲያ አንዲት ትንሽ ወፍ፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ አንገቷ ሥር ነጭ፣ ዓይኗ ቀይ፣ ብቅ ብላ ታየችና መልሳ ጠለቀች። ልጁ እጁን ከጋቢው አውጥቶ የኔን እጅ ያዘ፤ እስክትወጣም ድረስ በቃሉ ይቈጥር ጀመር።

ወፊቱ ከጠለቀችበት ራቅ ብላ ስትወጣ አጠገባችን በግ የሚጠብቅ አንድ ትንሽ ልጅ ምን እንደምናይ ጠየቀን። እኔ ልመልስ ስል ልጄ ቀደመኝ።

«ፔንግዊን አይደለችም» አለው። «ግን ለክረምቷ የመጣችው ወደኛ ነው።»