ቅቤውና የኑጉ ዘይት

በሐምሌ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ ቅቤ ለማንኪያ አይበገርም። እናቴ ከእሳት ዳር አስጠግታ እስኪላላ ትጠብቀው ነበር። ከጎኑ ያደረው የኑግ ዘይት ግን ከጠርሙሱ ይንቆረቆራል። ሁለቱም ቅባት፣ ሁለቱም በአንድ ጓዳ ያደሩ! ለምን እንደሚለያዩ የነገረኝ አልነበረም። ትምህርት ቤትም የተሰጠኝ የመቅለጫና የመፍያ ሙቀቶች ሰንጠረዥ ነው፤ ሸመደድሁት፣ ተፈተንሁበት፣ ረሳሁት።

ዛሬ በዚሁ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ትምህርቱንም ከዚያ ጓዳ እጀምራለሁ። ቅቤ ውስጥ ያለው ስቴሪክ አሲድም ሆነ በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ 18 ካርቦን አላቸው። የስቴሪክ ሰንሰለት ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ ፍልጥ ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ለመቅለጥ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ሊኖሌይክ ሁለት ድርብ ቦንድ ስላለው ሁለት ቦታ ይጎብጣል። ጎባጣ እንጨት ደግሞ ክምር አይሆንም፤ ስለዚህ ሊኖሌይክ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። አንድ ድርብ ቦንድ ያለው ኦሌይክ በመካከላቸው፣ 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህ የገባው ተማሪ ቁጥሮቹን ቢረሳ እንኳ ቅደም ተከተላቸውን አይስትም።

«ቤተ ሙከራ የለንም» የሚሉኝ መምህራን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚህ ግን ጠመኔ ይበቃል። ኬሚስቱ ሃሪ ዊነር እ.ኤ.አ. በ1947 ፓራፊኖች የሚፈሉበትን ሙቀት ከቅርጻቸው ሲተነብይ ከተጠቀመባቸው ቆጠራዎች አንዱን ማንም ልጅ ይሠራዋል፦ በእያንዳንዱ የካርቦን ጥንድ መካከል ስንት ቦንድ እንዳለ አንድ አንድ ጊዜ ቆጥሮ መደመር። ቡቴንን፣ የቡታ ጋዙን ማለቴ ነው፣ በሰሌዳ ላይ ሣልሁት። አራቱ ካርቦኖች በአንድ መስመር ሲሰለፉ ድምሩ 10፣ ሦስቱ አንዱን ሲከቡት 9 ሆነ።

«ቲቸር፣ ዘጠኙ ነዋ ቀድሞ የሚፈላው!» አለች አንዲት ልጅ ከኋላ። «ተሰብስቧል፤ ከጎረቤቱ ጋር ብዙ አይነካካም።»

ሰንጠረዡን ያወጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። የተሰለፈው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ፣ የተሰበሰበው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ። ክብደታቸው እኩል ነው። ሰንጠረዥ ይቅር አልልም፤ የልጅቱ ግምት የተፈተነው በእሱ ነው። ቦታው ግን ከግምቱ በኋላ ነው።

ፈተና የምታወጡ ባልደረቦቼ፣ «ቡቴን በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ማለታችሁን ተዉ። ሁለቱን ቅርጾች ሥላችሁ የትኛው ቀድሞ እንደሚፈላ ጠይቁ፤ ምክንያቱንም አስጽፉ።