«ለጊዜው» የምንኖርበት ከተማ

«አገርህ የት ነው?» ቢሉት «ገና አላገባሁም» አለ ይባላል። ተረቱ የቀደመውን ዘመን ሰው ይመለከታል፤ አገሩን የሚወስንለት ትዳሩ ነበርና። የዛሬው ሰው ቢጠየቅ ግን «ገና አልተቀጠርኩም» የሚል ይመስለኛል። የምንኖርበትን ከተማ የሚመርጥልን እንጀራችን ሆኗል። እንጀራና ልብ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ከተማ አይገናኙም።

ደሴ ተወልጄ አዲስ አበባ የምሠራ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን ከሩቅ ሆኜ አላየውም። ከባንኮቻችን የአብዛኞቹ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚህ ነው፤ ሚኒስቴሮቹ፣ ብሔራዊ ቴአትሩ፣ ወመዘክሩም እዚሁ ናቸው። የሥራ ዕድገት የፈለገ፣ መጽሐፍ ማሳተም ያማረው ሁሉ ወደዚሁ ይመጣል። የመጣው ሁሉ ግን ከተማዋን ወዷት አይደለም። የማለዳውን የታክሲ ሰልፍ፣ የማታውን ሰልፍ፣ የሚንረውን የቤት ኪራይ፣ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ጎረቤት፣ ሁሉንም «ለእንጀራ ነው» ብሎ ይችለዋል።

ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ ሚዛን እናነሣለን። በአንዱ ወገን ደመወዙን፣ በሌላው ወገን ከተማዋን አለመውደዳችንን እናስቀምጥና የትኛው እንደሚደፋ እናያለን። እኔ ግን በዚህ ሚዛን አላምንም። ደመወዝ በየወሩ ይቆጠራል፤ ያልወደድነው ከተማ የሚወስድብን ግን ሳይቆጠር ይሄዳል። የሚሄደውም በአንዲት ቃል ተሸፍኖ ነው፤ ቃሏ «ለጊዜው» ናት።

«ለጊዜው» በተከራየነው ክፍል ውስጥ መጻሕፍት ከካርቶን አይወጡም። ግድግዳው ላይ ሚስማር አይመታም። ጎረቤት ቡና ሲጠራን «ሌላ ጊዜ» እንላለን። እድር ግቡ ስንባል «ልኖርበት ነው እንዴ?» ብለን እናልፋለን። ይህን እያልን አሥር ዓመት ያልፋል። ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦

ሻንጣዬን ሳልፈታ ዓመት ተቆጠረ፣
ለጊዜው ያልኩት ቤት ዕድሜዬን ሰፈረ።

በዚህ ነገር ላይ ሳስብ ዘወትር የሚታወሰኝ ኮንስታንቲን ካቫፊ የተባለው ግሪካዊ ባለቅኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 በእስክንድርያ ተወለደ፤ ከ1892 እስከ 1922 ድረስ ሠላሳ ዓመት እዚያው በመስኖ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። ከተማዋን ግን በሙሉ ልቡ አልወደዳትም። በ1907 በጻፈው የግል ማስታወሻ እስክንድርያን እንደ ተላመዳት፣ ሀብታም ቢሆን እንኳ ምናልባት እንደማይለቃት፣ ነገር ግን የትንሽ ከተማ ኑሮ ሸክም እንደሆነበትና ነፃነት እንደሚነሣው ይገልጻል። በ1910 ባሳተማት «ከተማው» በተሰኘች ግጥሙም ሌላ አገር ልሂድ ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ጨካኝ ነው፤ የትም ቢሄድ ከዚህችው ከተማ እንደማያመልጥ ይነግረዋል።

ይህችን ግጥም እየጠቀሱ «መሄድ ከንቱ ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ግጥሟ የምትወቅሰው ከተማ የለወጠውን ሁሉ አይመስለኝም፤ ሕይወቱን ራሱ አባክኖ ጥፋቱን በከተማው ያላከከውን ነው። ከግጥሟ ይልቅ የባለቅኔው ኑሮ የበለጠ ይመክረኛል። ካቫፊ የማይወደውን ከተማ ኖረበት እንጂ ቀን እስኪያልፍ አልተጠለለበትም። ከቢሮ የተረፈውን ሰዓት ለግጥም አዋለ። ግጥሞቹን በነጠላ ወረቀት እያሳተመ ለወዳጆቹ አደለ። የከተማዋን ጥንታዊ ታሪክም፣ የራሱን ዘመን ቡና ቤትና ጎዳናም የግጥሙ ርስት አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1933 የሞተውም እዚያው ነው። ከተማን ሳይወዱ በሙሉ ልብ መኖር እንደሚቻል ከእርሱ እረዳለሁ።

ወደ እኛይቱ ከተማ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ከፊል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ «አዲስ አበባን አልወዳትም» የሚሉ ወዳጆቼ ሲያዝኑ አየሁ። ያዘኑት ግን የኖሩባት ናቸው፤ አሮጌ መጽሐፍ የገዙባት፣ በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ግጥም የተነባበቡባት። «ለጊዜው» የሚለው ሰው የሚያዝንለት አንድ ማዕዘን እንኳ አልነበረውም።

«ይህ ሁሉ ምርጫ ላለው ሰው ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። እናቴ ደሴ ናት። መድኃኒቷ የሚገዛው በእኔ ደመወዝ ነው፤ ከውኃ ጋር የሚያቀብላት ግን የጎረቤት ልጅ ነው። በደረጃም በደመወዝም ዝቅ ብዬ ወደ ደሴ ልዛወር እችላለሁ፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን የማቀብላት እኔ እሆናለሁ፣ መግዣው ግን ያጥራል። ይህን የትኛው ሚዛን ይመዝነዋል?

ሚዛኑ እንቢ ሲለኝ የሥራዬን ልማድ ተዋስኩ። ባንክ የመመለሻ ቀን ያልተጻፈበት ብድር አይሰጥም። እኛ ግን ለማንወደው ከተማ ዕድሜያችንን ስናበድር ቀን አንጽፍም፤ «ለጊዜው» ብለን ብቻ እንፈርማለን። ስለዚህ ቀን ይጻፍ እላለሁ። የእኔ ቀን ሰኔ 2020 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲዋን ትጨርሳለች፤ የእናታችን ሸክምም ለሁለት ይከፈላል። በዚያ ወር ባንኩ ዓመታዊ ሂሳቡን ሲዘጋ እኔም ከአዲስ አበባ ጋር ያለኝን ሂሳብ እዘጋለሁ። እስከዚያው ግን መጻሕፍቴ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ የሰፈሩን እድርም ገብቻለሁ።

ቀን መጻፍ የማይችል ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የልጆች ትምህርት፣ ዕዳ፣ የትውልድ መንደር ሰላም ማጣት እጁን ይይዘዋል። እርሱን «ከተማዋን ውደዳት» ልለው አልደፍርም፤ ፍቅር በትእዛዝ አይመጣም። ካርቶኑን ግን ይፍታ። የጎረቤቱን ቡና ይጠጣ። የሚያስጠላውንም ቢሆን ዓይኑን ገልጦ አይቶ ይጻፈው። ደመወዙ እንደሆነ ወሩ ሲያልቅ ይመጣል፤ ያልኖረበት ወር ግን ተመልሶ አይመጣለትም።

ቸር እንሰንብት።